የውሻን ጠባይ በባለቤቱ ስሜት ብቻ መመዘን አይገባም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ቤት ውሾች ጠባይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው ውሻ የባለቤቱን ስሜት ይጋራል ከሚል መነሻ ተነሥተው፣ ያለ ምክንያት የሚጮህ፣ የሚቅበጠበጥ ወይም እንግዳ ባየ ቁጥር የሚቆጣ ውሻ ካለ ከኋላው የተጨነቀ ወይም የተበሳጨ ባለቤት መኖሩ አይቀርም ወደሚል መደምደሚያ ደርሰዋል፤ ምክራቸውም ባለቤቱ በመጀመሪያ ራሱን እንዲያረጋጋ፣ ያን ጊዜ ውሻውም በራሱ እንደሚረጋጋ የሚገልጽ ነው። በእንስሳት ሕክምና ሙያ ላይ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህን የመሰለ ምክር ሰምተው ወደ ሐኪም የሚመጡ ባለቤቶችን ደጋግሜ አያለሁ። ብዙዎቹ ምክሩን ለመፈጸም ከልባቸው ሞክረው ያልሆነላቸው፣ በዚህም የተነሣ ለውሻቸው ችግር ራሳቸውን ተጠያቂ አድርገው የፈረዱ ሰዎች ናቸው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

የጽሑፉ መነሻ እውነት መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም። የሰው ስሜት ወደ ውሻው ይተላለፋል፤ ይህም ቀድሞ ከልማድ የሚታወቅ ነገር ብቻ የነበረ ቢሆንም ባለፉት ዓመታት በላቦራቶሪ ጭምር ተለክቷል። ስሕተቱ ያለው ከዚያ ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። የውሻውን ጠባይ ይበልጥ የሚቀርጸው ባለቤቱ የተሰማው ስሜት ራሱ ሳይሆን ስሜቱ የሚያሠራው ሥራ ነው። ሰው ልቡን ማዘዝ ቢያቅተው እጁንና ድምፁን ማዘዝ ይችላልና፣ ልዩነቱ በተግባር ሲታይ ትልቅ ነው።

አስቀድሜ የተረጋገጠውን ልጥቀስ፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2019 በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 58 ውሾችንና ባለቤቶቻቸውን አጥንተው ነበር። ከውሾቹ 33ቱ የሼትላንድ በግ ጠባቂዎች፣ 25ቱ ቦርደር ኮሊዎች ሲሆኑ፣ ባለቤቶቹ ሁሉ ሴቶች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የለኩት ከውሻውም ከሰውም ፀጉር ውስጥ የሚገኘውን ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ነው። በምራቅ ወይም በደም የሚለካ ኮርቲሶል የዚያችን ሰዓት ሁኔታ ብቻ ስለሚናገር ውሻው ሐኪም ቤት በመግባቱ ብቻ እንኳ ከፍ ሊል ይችላል፤ ፀጉር ግን ቀስ ብሎ ሲያድግ ሆርሞኑን ይዞ ስለሚያድግ ያለፉትን ወራት ሁኔታ ያሳያል። ናሙናው በበጋና በክረምት ተወስዶ ሲነጻጸር፣ ኮርቲሶላቸው ከፍ ያለ ባለቤቶች ውሾችም ኮርቲሶላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። የባለቤቶቹ ባሕርይ ከውሾቹ የሆርሞን መጠን ጋር ሲያያዝ፣ የውሾቹ የራሳቸው ጠባይ ግን ያን ያህል አለመያያዙ ተጽዕኖው በዋነኛነት ከሰው ወደ ውሻ የሚፈስ ነው የሚል ግምት አሳድሯል።

ይህን ጥናት የሚጠቅሱ ሰዎች ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ቡድን ያሳተመውን ውጤት ብዙ ጊዜ አያነሡትም። በ2021 ተመሳሳዩ ልኬት በጥንታዊ የውሻ ዝርያዎችና ብቻቸውን ለማደን በተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ ሲደረግ ያ መመሳሰል አልታየም። የመጀመሪያዎቹ ውሾች በግ ጠባቂዎች ነበሩ፤ እነዚህ ደግሞ ለብዙ ትውልድ የተመረጡት የሰውን እንቅስቃሴና ምልክት ቀን ሙሉ እየተከታተሉ እንዲሠሩ ነው። ስለዚህ "ውሻ የባለቤቱን ጭንቀት ይጋራል" የሚለው አነጋገር ለሁሉም ውሻ በእኩል መጠን የሚሠራ አይደለም፤ አንዱ ውሻ በባለቤቱ ፊት ላይ የምትታየውን እያንዳንዷን ለውጥ ሲከታተል፣ ሌላው ባለቤቱ እያለቀሰ እንኳ የራሱን አጥንት ሲግጥ ይውላል። ይህ የፍቅር ማነስ አይደለም፤ የተፈጠረበትና የተዳቀለበት ዓላማ ነው።

ስሜት የሚተላለፍባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም፣ ጽሑፉ ሳያነሣው የቀረው ግን ለምክሩ ትልቁ ፈተና የሆነው ሽታ ነው። በ2018 በኔፕልስ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ፣ የሚያስፈሩና የሚያስደስቱ ፊልሞችን የተመለከቱ ወንዶች የብብት ላብ ተወስዶ ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር ዝርያ ያላቸው ውሾች ባሉበት ክፍል እንዲሸት ተደረገ። የፍርሃቱን ላብ ያሸተቱት ውሾች የልብ ምታቸው ጨመረ፣ የጭንቀት ምልክቶችን አበዙ፣ ወደ ባለቤታቸውም ተጠጉ፤ የደስታውን ያሸተቱት ደግሞ በክፍሉ ወደነበረው እንግዳ ሰው ይበልጥ ቀረቡ። በ2022 በቤልፋስት የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሙከራ ደግሞ 36 ሰዎች ከባድ የሒሳብ ጥያቄ በቃል እንዲሠሩ ከመደረጋቸው በፊትና በኋላ ትንፋሻቸውንና ላባቸውን ሰብስቦ ለ4 የሠለጠኑ ውሾች አቀረበ፤ ውሾቹም የተጨነቀውን ናሙና ካልተጨነቀው የለዩት 93.75 በመቶ በሆነ ትክክለኛነት ነበር። በ2024 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደው 18 ውሾች የማያውቁትን የተጨነቀ ሰው ሽታ ካሸተቱ በኋላ ምግብ ይኑርበት አይኑርበት እርግጠኛ ወዳልሆኑበት ሳሕን ለመቅረብ ምን ያህል እንደሚያመነቱ ለኩ። ከጭንቀቱ ሽታ በኋላ፣ ሁልጊዜ ባዶ ሳሕን ከሚያገኙበት ሥፍራ አጠገብ ወደተቀመጠው ሳሕን ሲሄዱ ዘገዩ፤ ማለትም ተስፋቸው ቀነሰ።

እንግዲህ "ተረጋጋ" የተባለው ባለቤት ምን ሊያደርግ ነው? ፊቱን ሊያስተካክል፣ ድምፁን ሊያለዝብ ይችላል፤ ላቡንና ትንፋሹን ግን ሊያዝዛቸው አይችልም። እንዲያውም ከአፉ የሚወጣው ቃል የለሰለሰ፣ ሰውነቱ ግን የተወጠረ ሰው ለውሻው ሁለት የሚቃረኑ መልእክቶችን ስለሚያቀርብ፣ ውሻው ዙሪያውን እየቃኘ አደጋው የት እንዳለ ቢፈልግ አያስደንቅም። የማስመሰል ምክር ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው ባይ ነኝ።

ውሻ ዐይኑንም ይጠቀማል። የሚላን ተመራማሪዎች በ2012 ሪባን የታሰረበት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ ማለትም ለውሾቹ እንግዳና ትንሽ የሚያስፈራ ነገር፣ በክፍል ውስጥ አቁመው ነበር። አብዛኞቹ ውሾች ማራገቢያውን አይተው ወደ ባለቤታቸው ፊት ዘወር አሉ፤ ባለቤቶቻቸው በፊታቸውና በድምፃቸው የፈሩ መስለው የታዩባቸው ውሾችም ወደ ማራገቢያው ለመቅረብ ዘገዩ። ጥርጥር ሲገባው ወደ ታላቁ ፊት የሚመለከት ሕፃን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ውሻው የባለቤቱን ፊት የፈለገው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው መሆኑ ነው፤ ቀድሞ የለመደውን ነገር፣ ለምሳሌ በየቀኑ የሚያልፍበትን በር፣ ባለቤቱ ቢከፋውም ባይከፋውም ይወጣበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ውሻውን በማሰሪያ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ሌላ ውሻ ሲመጣ ያይና "አሁን ይጣላሉ" ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ወዲያውኑ ወደ እጁ ይወርዳል፤ ማሰሪያውን ያሳጥራል፣ ያጠብቀዋል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ አንዳንዴም የውሻውን ስም በተቆጣ ድምፅ ይጠራል። ውሻው በበኩሉ አንገቱ ሲጠብቅ፣ ፊት ለፊት ያለው ውሻ ሲቀርብና የባለቤቱ ድምፅ ሲለወጥ ሦስቱም በአንድ ቅጽበት ይደርሱበታል። ይህ ሲደጋገም፣ ደወል ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚፈስሰው የሩሲያዊው ተመራማሪ የፓቭሎቭ ውሾች፣ ይህኛውም ማሰሪያው በጠበቀ ቁጥር ጠላት ይጠብቃል፤ ከዚያም ሌላው ውሻ ገና ሳይደርስ መጮህና መዝለል ይጀምራል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ "ሲቃረብ ይጣላሉ ብዬ የሰጋሁት እውነት ነበር" ብሎ በቀጣዩ ቀን ማሰሪያውን ይበልጥ ቀደም ብሎ ያጠብቃል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ፍርሃቱ የመነጨው ከሰውየው ቢሆንም፣ ትምህርቱን የሰጠው የጠበቀው ማሰሪያ ነው። ሰውየው ልቡ እየመታም ቢሆን ከመጪው ውሻ ርቆ መንገዱን ቢያሻግር፣ ማሰሪያውን ላላ አድርጎ ቢይዝና ለውሻው የሚወደውን ቁራሽ ቢሰጠው ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

የባለቤት ውስጣዊ ሁኔታ በአካሉ በኩል ምን ያህል እንደሚሾልክ የሚያሳይ አንድ ሌላ ሙከራ አለ። በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የአደንዛዥ ዕፅና የፈንጂ ሽታ ፈላጊ 18 ውሾች ከአሠልጣኞቻቸው ጋር ምንም ዓይነት ዕፅም ሆነ ፈንጂ በሌለባቸው ክፍሎች እንዲፈልጉ ተደረገ። አሠልጣኞቹ ግን የሚፈለገው ነገር በቀይ ወረቀት ምልክት የተደረገበት ቦታ እንደሚገኝ ተነግሯቸው ነበር፤ ውሾቹ "አገኘሁ" የሚል ምልክት እንደሰጡ የተነገረውም በተለይ በእነዚያ ቦታዎች ነው። ማንም ውሻውን ዋሽ አላለውም። የሰውየው እምነት በአቋሙ፣ በእርምጃው ፍጥነትና በዐይኑ አቅጣጫ በኩል ሳይወጣ አልቀረም እንጂ። በሙያው የተካኑ ሰዎች ይህን መደበቅ ካልቻሉ፣ ተራው ባለቤት እንዲደብቅ መጠየቁ ተገቢ አይመስለኝም።

ከፍርሃት ይልቅ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ቁጣና ድብርት የሚያስከትሉት የአያያዝ ለውጥ ነው። በ2006 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት ከውሾቻቸው ጋር በውሾች የመሰናክል ዝላይ ውድድር ተሳትፈው የተሸነፉ ወንዶችን ተከታትሎ፣ የሰዎቹ የቴስቶስትሮን ለውጥ ከውሾቻቸው የኮርቲሶል ጭማሪ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል፤ ሁለቱን ያገናኘው ግን ከሽንፈቱ በኋላ ሰዎቹ ውሾቻቸውን የያዙበት መንገድ፣ ማለትም መቆጣታቸውና መገፍተራቸው ወይም ማሻሸታቸውና ማጫወታቸው ነበር። በ2018 በአሜሪካ ከ1,500 በላይ ባለቤቶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ በባለቤት ባሕርይና በውሻ የጠባይ ችግር መካከል ያገኘው ቀጥተኛ ግንኙነት ደካማ ነበር። ጎልቶ የወጣው መጠነኛ ድብርት ያለባቸው ወንዶች ውሻን በሚያሳምም ወይም በሚያስፈራ ዘዴ የመቅጣት ዝንባሌያቸው ከሌሎቹ 5 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች የምረዳው የተከፋ ሰው ውሻውን የሚጎዳው በመከፋቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም መከፋቱ ትዕግሥቱን ስለሚያሳጥርበት እንደሆነ ነው።

በዚህ ረገድ ጽሑፉ እንደ ማስረጃ ያቀረበውን "ጥፋተኛ ፊት" የሚባለውን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ባለቤቱ ወደ ቤት ሲገባ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ወሽቆ፣ ዐይኑን የሚያሸሽ ውሻ ያጠፋውን እንደሚያውቅና እንደሚጸጸት ጸሐፊው ጽፈዋል። በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ 14 ውሾችን ወስደው ይህንኑ ፈትነዋል። ባለቤቱ ውሻውን ምግቡን እንዳይነካ ከልክሎ ይወጣል፤ በሌለበት ውሻው ምግቡን እንዲበላ ይደረጋል፣ ወይም ሳይበላው ምግቡ ይነሣል፤ ባለቤቱ ሲመለስ ግን የሚነገረው ሁልጊዜ እውነቱ አልነበረም። ውጤቱ እንደሚያሳየው "ጥፋተኛ ፊት" የሚመጣው ውሻው ስላጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ስለተቆጣ ነበር፤ እንዲያውም ፊቱ ይበልጥ የጎላው ምንም ሳያጠፉ ቁጣ በደረሰባቸው ውሾች ላይ ነበር። ውሻው የሚያነበው የባለቤቱን ቁጣ ነው፤ ያ አቀማመጥም ቁጣውን ለማብረድ የሚደረግ ልመና እንጂ ኑዛዜ አይደለም። ይህን የማያውቅ ባለቤት ከሰዓታት በፊት ለተቀደደ ጫማ ውሻውን ሲቀጣ፣ ውሻው የሚማረው ባለቤቱ ወደ ቤት ሲገባ ክፉ ነገር እንደሚመጣ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በር ሲከፈት ይደበቃል ወይም ይሸናል፤ ባለቤቱም ያን እንደ ሌላ ጥፋት ይቆጥረዋል። በእኔ አስተያየት ከባለቤት ስሜት ጋር ከተያያዙ ጉዳቶች ሁሉ ይህን ያህል የሚያሳዝን የለም፤ ውሻው በትክክል ባነበበው ስሜት ምክንያት ስለሚቀጣ።

ቅጣቱ ራሱ ጭንቀት እንደሚያመጣ በ2020 በፖርቱጋል ፖርቶ ከተማ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ከማሠልጠኛ ቤቶች የተመረጡ 92 ውሾች ታይተው፣ በማስፈራራትና በማሳመም የሠለጠኑት ለምግብና ለምስጋና ከሠለጠኑት ይልቅ ይበልጥ ሲያዛጉ፣ አፋቸውን ሲልሱና ሲያለከልኩ ታይተዋል፤ ከሥልጠናው በኋላ በምራቃቸው የተለካው ኮርቲሶልም ከፍ ያለ ነበር።

ጽሑፉ ያልነካው ሌላ ነገር ቢኖር ውሻው የራሱ አካልና የራሱ ታሪክ ያለው ፍጡር መሆኑ ነው። የቡችላ አእምሮ ለሰውና ለእንግዳ ነገር ክፍት የሚሆነው ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰው ሳያይ ያደገ ውሻ ባለቤቱ የቱንም ያህል ረጋ ያለ ቢሆን ሰውን ሊፈራ ይችላል። ከወላጆቹ የወረሰው ፍርሃትም አለ። ከሁሉ በላይ ግን ሕመም አለ። ለዓመታት ገራም የነበረ ውሻ ሲነኩት ማጉረምረም፣ ሌሊት መቅበጥበጥ ወይም መናከስ ከጀመረ፣ ከባለቤቱ ስሜት በፊት የሚመረመረው የውሻው መገጣጠሚያ፣ ጥርሱ፣ ጆሮውና ሆዱ ነው። "አንተ ስለተጨነቅህ ነው" የተባለ ባለቤት ውሻውን ወደ ሐኪም ሳይወስድ ወራት ያሳልፋል፤ ውሻውም እነዚያን ወራት ሁሉ እያመመው ይኖራል።

ስለ ሐዘንተኞችም አንድ ነገር ልበል። ሰው የሞተበት ወይም በጭንቀት ሕመም የሚሠቃይ ሰው ውሻውን እየጎዳ እንደሆነ ሲነገረው፣ አንዳንዱ ለውሻው ሲል ለሌላ ሰው አሳልፎ እስከ መስጠት ይደርሳል። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 34 ውሾችን በመስታወት በር ማዶ ተቀምጠው ከሚያለቅሱ ወይም ከሚያንጎራጉሩ ባለቤቶቻቸው ለይቶ አይቷል። ልቅሶውን ሰምተው በሩን የገፉት ውሾች ባለቤታቸው ሲያንጎራጉር ከገፉት ይልቅ ፈጥነው ከፈቱ፤ ፈጥነው የደረሱትም ውስጣቸው ይበልጥ የተረጋጋ ነበር። የባለቤት ልቅሶ ውሻውን ሁሉ አይሰብረውም፤ አንዳንዱን ወደ ባለቤቱ ያመጣዋል። ሐዘንተኛው ሊጠነቀቅለት የሚገባው የውሻው የዕለት ሥርዓት ነው፦ የምግቡ ሰዓት፣ የእግር ጉዞው፣ የመኝታው ቦታ። ይህን ራሱ መጠበቅ ካቃተው ጎረቤት ወይም ቤተሰብ ለጥቂት ጊዜ ውሻውን ቢያወጣለት ይበቃል።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የፈራ ውሻን ማባበል ፍርሃቱን ያጠናክረዋል የሚለው በሰፊው የሚሰማ አስተያየት ትክክል አይደለም። ፍርሃት በማባበል የሚሸለም ድርጊት አይደለም፤ በነጎድጓድ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ባለቤቱ አጠገብ ተኝቶ ቢዳሰስ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ለመንቀጥቀጥ አይወስንም። ባለቤቱ ራሱ ነጎድጓድ የሚፈራ ቢሆን እንኳ መጠጋቱን ባይከለክለው ይሻላል። ሥልጠናን በተመለከተ ግን ምክሬ ተቃራኒው ነው፦ የተናደደ ሰው በዚያች ሰዓት ውሻ አያሠልጥን፤ ውሻውን ወደ ሌላ ክፍል አስገብቶ ሥልጠናውን ለነገ ቢያቆየው ከሥልጠናው የሚጎድል ነገር የለም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ጸሐፊውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያነሡት ጉዳይ በእርግጥም ሊነሣ የሚገባው ነበር። የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ስለ ውሻ ጠባይ በምታወጡት ማንኛውም ምክር ውስጥ በድንገት የጠባይ ለውጥ ያሳየ ውሻ አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም መመርመር እንዳለበት የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር እንዲካተት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ስለ "ጥፋተኛ ፊት" የተጻፈው አንቀጽ በቀጣዩ እትም እንዲታረም ነው፤ እሱን አምኖ ውሻውን ከሰዓታት በኋላ የሚቀጣ አንባቢ አይጠፋምና።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ የሆነ የእንስሳት ሐኪም